አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛት አስቀድሞ ሥራን መቍጠር

ንግድ በማናቸውም ዘመን በመሣሪያ የሚሠራ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ሚዛኑ፥ ክንዱ፥ የሒሳብ መዝገቡ፥ የጽሕፈት መኪናውና ስልኩ በየተራቸው ወደ ነጋዴው ቤት ገብተው ሥራውን አቃልለውለታል። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር የእነዚህን የአብዛኞቹን ሥራ ጠቅልሎ ይዟል። በባሕር ዳር ከተማ ከሹም አቦ ሰፈር አንሥቶ እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ሒሳቡን፥ ደብዳቤውንና የዕቃውን ዝርዝር በዚህ መሣሪያ የሚያስጠብቅ ነጋዴ እየበዛ ሄዷል። ስለዚህ መሣሪያው በሚለወጥበት ጊዜ የሚደረገው ምርጫ የአንድ ዕቃ ግዢ ብቻ ሳይሆን የንግድ ቤቱን ንብረትና ታማኝነት የሚነካ ጉዳይ ነው።

ይህን ጉዳይ በአሁኑ ጊዜ ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሰጠው የነበረውን ነጻ የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች እያዘዘ፥ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ ላይ ተደላድለው እንዲሠሩ የሚያደርግ ዋና ፕሮግራም ነው፤ በቤት ቢመሰል መሠረቱና ወለሉ እንደ ማለት ነው። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ለገበያ ቢቀርብም በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን አይደለም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ፥ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባለውን የምስጢር መጠበቂያ ክፍል፥ እንዲሁም ኩባንያው በዝርዝር ከመዘገባቸው ፕሮሰሰሮች አንዱን ይጠይቃል። ኢንቴል ከሠራቸው ፕሮሰሰሮች መካከል፥ ከጥቂቶች በቀር፥ ከ8ኛው ትውልድ የሚቀድሙት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። 8ኛው ትውልድ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተሠራው ኮምፒዩተር አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከደንቡ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ነጋዴ «እንግዲህ የትኛውን ልግዛ?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ አይደለም። የቀደመው ጥያቄ «ኮምፒዩተሩ የሚሠራልኝ ሥራ ምን ምን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳያውቅ ዕቃ የሚገዛ ሰው፥ የጭነቱን ልክ ሳያውቅ መኪና እንደሚከራይ ሰው ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል የሕንፃ መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ ይታሰብ። ይህ ነጋዴ ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ መልኩ ያማረ፥ ክብደቱ የቀለለ፥ ዋጋውም ከፍ ያለ የአፕል ላፕቶፕ አይቶ ይገዛል። አሮጌውንም ኮምፒዩተር ለዘመዱ ልጅ ይሰጣል። በማግስቱ ጸሐፊዋ ሥራ ለመጀመር ስትቀመጥ ነገሩ ሁሉ ተደነጋገረባት።

«ጋሼ፥ ፒችትሪው አልገባም አለ» ትላለች።

«አዲስ ዕቃ ገዝቼ እንዴት አልገባም ይላል?»

«ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ስለ ሆነ ነው። የአማርኛ ደብዳቤዎቹም ሲከፈቱ የፈረንጅ ፊደል ተደበላልቆ ይታያል።»

«ታዲያ ሳልገዛው በፊት ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎስ መቼ ጠየቁኝ?»

በዚህ ጊዜ የወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ የሚቀርብበት ቀን ቀርቧል፤ የቀድሞው ሒሳብም የሚገኘው በተሰጠው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ዘመዱም ልጅ ለጨዋታ እንዲመቸው ብሎ ማከማቻውን አጽድቶት እንደ ሆነ፥ የብዙ ዓመት መዝገብ በአንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው። የሒሳብ ሰነድ ለዓመታት ተጠብቆ እንዲቆይ ሕግ የሚያዝ በመሆኑ፥ ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይቆምም። እንግዲህ በዚህ ምሳሌ ላፕቶፑ ጥፋት የለበትም፤ አፕል የሚሠራው ዕቃ ጠንካራና ለብዙ ሥራ የተመሰገነ ነው። ጥፋቱ ምርጫው ከሥራው አለመነሣቱና መሣሪያውን በየቀኑ የምትይዘው ሠራተኛ አለመጠየቋ ነው።

ስለዚህ አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት፥ ይልቁንም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመለወጥ ያሰበ ነጋዴ፥ ከገንዘቡ በፊት አንድ ወረቀትና እርሳስ ቢያወጣ ይሻለዋል። በወረቀቱም ላይ የሚከተሉትን ነገሮች በተራ ከሠራተኞቹ ጋር ቢጽፍ አብዛኛው መልስ ራሱ ይወጣል።

1ኛ/ የሒሳብ ፕሮግራም። በኢትዮጵያ የንግድ ቤቶች ዘንድ ፒችትሪ በሰፊው የታወቀ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ሴጅ የተባለው ባለቤት ኩባንያ የፒችትሪን ስም ትቶ ሴጅ 50 ብሎ ከሰየመው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ብዙ ሒሳብ ሠራተኞች ግን ዛሬም በቀድሞው ስም ይጠሩታል፥ በቀድሞውም እትም ይሠሩበታል። ይህ ፕሮግራም የተሰናዳው ለዊንዶውስ ነው። በማክ ወይም በሊኑክስ ላይ ለማሠራት የሚሞከሩ ዘዴዎች ቢኖሩም፥ የንግድ ቤት ሒሳብ ለሙከራ የሚዳረግ አይደለም። እንዲያውም አሮጌው እትም በዊንዶውስ 11 ላይ በትክክል መሥራቱ ዋጋ ከመከፈሉ በፊት በሒሳቡ ቅጂ ተፈትኖ መታየት አለበት። እንግዲህ ሒሳቡ በፒችትሪ የተያዘ የንግድ ቤት ቢያንስ አንድ የዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሊኖረው ግድ ነው።

2ኛ/ የአማርኛ ጽሕፈት። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደልን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ከደከሙበት ዘመን ጀምሮ፥ ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች መጻፍ ትልቅ ችግር ሆኖ ቆይቷል። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ልዩ ልዩ ሠሪዎች፥ እያንዳንዳቸው በገዛ ራሳቸው ቍጥር ፊደሉን አስገቡት። በዓለም ሁሉ ያሉ ፊደላትን በአንድ መዝገብ የሚቈጥረው ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፥ እንዲሁም ከዚያ በኋላ በፓወር ግእዝና በመሳሰሉት የቀድሞ ፊደሎች የተጻፉ ደብዳቤዎችና ውሎች ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን አሮጌው ኮምፒዩተር በሕይወት ሳለ መደረግ አለበት። አስፈላጊዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፥ ለመነበብ ብቻ የሚፈለጉትን በፒ.ዲ.ኤፍ. ማስቀመጥ፥ ፎንቱንም ገልብጦ መያዝ ይገባል። ለአዲስ ጽሕፈት የሚሆን የአማርኛ ኪቦርድ ዛሬ በሦስቱም ሲስተሞች ይገኛል፤ ኪማን የተባለው ነጻ ፕሮግራም በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ይሠራል። ሆኖም የቁልፎቹ አቀማመጥ ከለመደው የሚለይ ከሆነ፥ ፈጣን የነበረ ጸሐፊ ለጥቂት ሳምንታት እንደ ጀማሪ ቢዘገይ ሊያስወቅሰው አይገባም።

3ኛ/ ፕሪንተር፥ ስካነርና ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያያዙ ሌሎች መሣሪያዎች። ፕሪንተር ሁሉ ከሲስተም ሁሉ ጋር አይግባባም። ኤች.ፒ. የተባለው ኩባንያ ለብዙዎቹ ፕሪንተሮቹ የሊኑክስ ፕሮግራም ያዘጋጃል፤ የሌሎቹ ግን እንደየሞዴሉ ይለያያል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ የሚሠራ ከሆነም፥ አቅራቢውን አስቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው። ደረሰኝ መቍረጥ ያልቻለ ሱቅ በሩን ክፍት አድርጎ እንደ ተዘጋ ይቈጠራል።

4ኛ/ በኢንተርኔት የሚፈጸም ሥራ። በዚህ ረገድ ነጋዴውን የሚያጽናና ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት፥ እንዲሁም ኢሜይልና የመሳሰሉት በብራውዘር የሚከፈቱ ናቸው። ክሮምና ፋየርፎክስ የተባሉት ብራውዘሮች በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም ስለሚሠሩ፥ አስመጪውና ላኪው በዚህ በኩል የሚታሰርበት ሲስተም የለም። ነገር ግን ሥራን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ መጣልም አይበጅም። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት እጅግ ጥቂት ሥራ ብቻ የሚሠራ ክሮምቡክን የመሰለ ላፕቶፕ፥ ዋጋው ቢቀንስም፥ የሱቁን ሒሳብ ሊሸከም አይችልም።

5ኛ/ መብራት። ባሕር ዳር የጢስ ዓባይ ጎረቤት ብትሆንም መብራት መጥፋቱ አልቀረም። የኮምፒዩተር እድሳት በሚጫንበት ሰዓት ኃይል ቢቋረጥ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል፤ ሒሳብ በሚጻፍበት ጊዜ ቢቋረጥም መዝገቡ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ለብዙ ሱቆች ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይመረጣል፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የሚገዛ ደግሞ የዩ.ፒ.ኤስ. ዋጋ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር ደምሮ ማሰብ አለበት።

ይህ ወረቀት ከተሞላ በኋላ በነጋዴው ፊት የሚቀርቡት መንገዶች አራት ናቸው፤ ሁሉም ዋጋ አላቸው፥ ሁሉም ጉድለት አላቸው።

የመጀመሪያው ባለበት መቆየት ነው። «ኮምፒዩተሩ እየሠራ ነው፤ ምን ሆነና?» የሚሉ አሉ። በእርግጥ ዊንዶውስ 10 ጥበቃው ስለ ቆመ መሥራቱን አላቆመም፤ ነገር ግን ዘበኛው ከሄደ በኋላ በሩ እንደ ቀድሞው የሚዘጋና የሚከፈት ሱቅ ሆኗል። ሌባው እስኪመጣ ድረስ ልዩነቱ አይታወቅም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በተነሣ ጊዜ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ይዞ ሰነዳቸውን ቈለፈ፤ ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። ቀዳዳውን የሚዘጋው እድሳት ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱትም ያንን እድሳት ያልጫኑት ናቸው። ዊንዶውስ 10ን ይዞ ለመቆየት የሚፈልግ ድርጅት የተራዘመ ጥበቃ መግዛት ይችላል፤ ዋጋው ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፥ በሁለተኛው 122፥ በሦስተኛው 244 ሆኖ ተወስኗል። ሦስቱ ሲደመር 427 ዶላር ስለሚሆን፥ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ይህን ያህል መክፈል ጥቅም እንዳለው ነጋዴው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ለግል ተጠቃሚዎች የተሰጠው ማራዘሚያም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ብቻ የተወሰነ ነው።

ሁለተኛው ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ኮምፒዩተር መግዛት ነው። ይህ ለሒሳብ ክፍሉ አስፈላጊ መሆኑ ከላይ ተገልጿል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፥ ከውጭ የሚመጣ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚገዛው በከባድ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ ይፈልጋል። ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም፤ ማንበብ ግን ያስፈልጋል። በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ላይ ከጭረቱ በኋላ የሚመጣው ቍጥር ትውልዱን ይናገራል። ለምሳሌ ኮር አይ 5 ተብሎ 7200 የሚል ከሆነ 7ኛው ትውልድ ነው፤ 8250 የሚል ከሆነ 8ኛው፥ 10210 የሚል ከሆነም 10ኛው ነው። ሁለቱ ላፕቶፖች በመልክ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ አንደኛው ግን ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፥ ሌላው አይቀበልም። ለጽሕፈት ቤት ሥራ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ያለው ቢሆን ይበቃል። በደንቡ ያልታቀፈውን ኮምፒዩተር በዘዴ አታልለው ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን እንደዚህ ለተጫነው ኮምፒዩተር እድሳት እንደማያገኝ ቢሆን ኩባንያው ኃላፊነት እንደማይወስድ አስታውቋልና፥ ሸማቹ ይህን ሳያውቅ እንዳይገዛ መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛው ማክ መግዛት ነው። ማተሚያ ቤት፥ የፎቶግራፍና የማስታወቂያ ሥራ ያላቸው ሰዎች ይህን ቢመርጡ ምክንያት አላቸው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2020 ኅዳር ጀምሮ የራሱን ፕሮሰሰር ወደ ኮምፒዩተሮቹ ማስገባት ጀምሯል፤ በኢንቴል ፕሮሰሰር ለተሠሩት ማኮች የመጨረሻው አዲስ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው መሆኑንም አስታውቋል። ስለዚህ ያገለገለ ማክ በርካሽ አገኘሁ የሚል ሰው በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። በአዲሶቹ ማክ ላፕቶፖች ደግሞ ራም በኋላ የሚጨመር ስላልሆነ፥ የሚበቃው ልክ በግዢው ቀን መወሰን አለበት።

አራተኛው ሊኑክስ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሲስተም ዛሬ በልዩ ልዩ ስም በነጻ ይታደላል። ከእነዚህም አንዱ ኡቡንቱ፥ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24.04 እትሙ እስከ 2029 ድረስ ነጻ የጥበቃ እድሳት የሚሰጠው ነው። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ደግሞ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው መልኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቢያንስ 2 ጊጋባይት፥ ቢቻል 4 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። ስለዚህ ማይክሮሶፍት የማይቀበለው አሮጌ ኮምፒዩተር፥ ማከማቻው በኤስ.ኤስ.ዲ. ቢለወጥለት፥ ለደብዳቤ፥ ለኢሜይል፥ ለዋጋ ዝርዝርና በብራውዘር ለሚሠራ ሥራ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ደብዳቤና ሠንጠረዥ የሚሠራው ሊብረ ኦፊስም በነጻ የሚገኝ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሊኑክስ ለሁሉ ሰው ይበጃል ማለት እንዳልሆነ የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስተምራል። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት ወደ ሊኑክስ ለመዛወር እ.ኤ.አ. በ2003 ወስኖ፥ እስከ 2013 ድረስ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ካዛወረ በኋላ፥ በ2017 ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ወሰነ። በአንጻሩ የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ ፖሊስ በዝግታ ተጓዘ። በ2005 የቢሮ ፕሮግራሞቹን ብቻ ለወጠ፤ በ2006 ብራውዘሩንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ለወጠ፤ ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ፥ ከ2008 ጀምሮ ኡቡንቱን አስገባ። በዚያን ጊዜ ለሠራተኛው እንግዳ ሆኖ የታየው ነገር ጥቂት ነበር፤ ሥራውም ጸንቶ ቀጥሏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ከቤቱ በፊት ዕቃውን መለማመድ ይቅደም የሚል ነው። አንድ ሱቅ ዛሬ በያዘው ዊንዶውስ ላይ ሊብረ ኦፊስንና ፋየርፎክስን ጭኖ ሁለት ወር ቢሠራበት፥ ያለ አንዳች ወጪ ራሱን ይፈትናል። ካልተስማማው አንዳች ነገር አልከሰረም።

ሌላም ቀላል ፈተና አለ። ኡቡንቱም ሆነ ሊኑክስ ሚንት 16 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ተቀድቶ፥ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ሳይነካ ከፍላሹ ሊነሣ ይችላል። ነጋዴው ሊገዛው ባሰበው ላፕቶፕ ላይ ይህን ፍላሽ ሰክቶ፥ ዋይፋዩ መያዙን፥ ድምፁ መሰማቱን፥ ፕሪንተሩ ማተሙን በሻጩ ፊት ሊያይ ይችላል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን የሚያይ፥ ሰሊጥ ሲገዛ ናሙና የሚያወጣ ነጋዴ ኮምፒዩተርን ሳይፈትን የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ከእነዚህ ከአራቱ መንገዶች አንዱን ብቻ መምረጥ ግዴታ አይደለም። በባሕር ዳር ላሉት ለመካከለኛ የንግድ ቤቶች የሚሻለው፥ ሁለቱን አጣምሮ መያዝ ይመስላል። ይኸውም ሒሳቡን የሚይዝ አንድ ደህና የዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተር መግዛት፥ አሮጌዎቹን ደግሞ ወደ ሊኑክስ አዛውሮ ለጽሕፈትና ለመልእክት ማዋል ነው። ሦስት ኮምፒዩተር ሊገዛ የነበረ ሰው አንዱን ብቻ ገዝቶ ይቀርለታል፤ የቀረውም ገንዘብ ወደ ዕቃ መግዣው ይመለሳል። አዲስ ለመግዛት አቅም ያነሰው ባለ ሱቅም ፒችትሪ ያለበትን አሮጌ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ነጥሎ ለሒሳብ ብቻ ቢያውለው፥ ፍጹም ባይሆንም፥ ሁሉን ነገር በአንድ ባልተጠበቀ ኮምፒዩተር ላይ ከማድረግ ይሻለዋል።

ምርጫው ከተፈጸመ በኋላም የማዛወሩ ሥርዓት አለ። መዛወር ያለበት የሒሳብ ዘመን በሚዘጋበት ወይም የታክስ ማስታወቂያ በሚቀርብበት ሳምንት ሳይሆን፥ ሥራ ቀለል በሚልበት ጊዜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሒሳቡና የሰነዱ ሙሉ ቅጂ በሁለት ልዩ ልዩ ማከማቻ ይገለበጥ፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ፥ ሌላው በሌላ ቤት ይቀመጥ። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ተከፍቶ መነበቡ መታየት አለበት። ሒሳቡ በአዲሱ ኮምፒዩተር ከተከፈተ በኋላ የሙከራ ሚዛኑ ከሁለቱም ይታተምና ጎን ለጎን ይመሳከር፤ አንድ ሳንቲም እንኳ ቢለያይ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራ አይቀጥል። አሮጌው ኮምፒዩተር ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር፥ ይኸውም አንድ የታክስ ማስታወቂያ በአዲሱ ተሠርቶ እስኪቀርብ ድረስ፥ ሳይነካ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ለዘመድ ልጅ ቢሰጥም ይምጣለት፤ ነገር ግን የንግዱ ምስጢር ከውስጡ ሳይጠፋ አይውጣ።

ይህን ሁሉ ነጋዴው ብቻውን ሊያደርገው አይችልም፤ ሊያደርገውም አይገባውም። በየንግድ ቤቱ ለዓመታት ተቀምጠው ሒሳቡንና ደብዳቤውን የያዙ ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሠራተኞች አሉ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ፥ የትኛው ፕሪንተር እንደሚያስቸግር፥ የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ፊደል እንደ ተጻፈ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ዋጋ የመክፈሉ ሥልጣን የባለ ቤቱ ነው፤ ዕውቀቱ ግን ከእነርሱ ዘንድ ይገኛል። ግማሽ ሰዓት ከእነርሱ ጋር የተነጋገረ ነጋዴ የብዙ ሺህ ብር ስሕተት ያድናል።

የንግድ ምክር ቤቱም የሚረዳበት መንገድ አለ። ከተማዪቱ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጀምሮ የቴክኒክ ትምህርት የኖረባት ናት፤ ያም ኢንስቲትዩት ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በየዓመቱ ባለሙያዎችን ያወጣል። ምክር ቤቱ ከእነዚህ ባለሙያዎች ጥቂቶቹን ጠርቶ፥ ለአባላቱ ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሠራተኞች የሁለትና የሦስት ቀን ትምህርት ቢያዘጋጅ፥ በአንድ ክፍልም ዊንዶውስ 11፥ ማክና ሊኑክስ የተጫነባቸውን ኮምፒዩተሮች አቅርቦ ሰው በእጁ እየነካ እንዲሞክር ቢያደርግ፥ ወጪው ትንሽ፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። አባላት በኅብረት ቢገዙም ከአቅራቢው ጋር ስለ ዋጋና ስለ ዋስትና ለመነጋገር ኃይል ያገኛሉ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ጥቅምት 4 ያለፈ ቢሆንም ሰው ሊደናገጥ አይገባም። ሻጮች «ዛሬውኑ ካልገዛችሁ» ቢሉ፥ የሚጠቀሙት እነርሱ መሆናቸውን ማሰብ ነው። ደግሞም «ምንም አይሆንም» ብሎ መተኛት በዋናክራይ ጊዜ የተኙትን መከተል ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ትክክለኛው መንገድ ዛሬ ቅጂ መገልበጥ፥ በዚህ ሳምንት ሥራን በወረቀት መቍጠር፥ በሚቀጥለው ወር መሞከር፥ ከዚያም መግዛት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሁሉ፥ በችኮላ የፈሰሰ መዝገብ እንደ እህል ተለቅሞ አይመለስም። ኮምፒዩተር ገንዘብ ላለው ሰው በማናቸውም ቀን ከገበያ ይገኛል፤ የጠፋን የሒሳብ መዝገብ ግን የሚሸጥ ሱቅ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ የለም።